ሐረጎን የወረደው ኮምፒዩተር

ከሪማ ሀይደር ደሴ ፒያሳ፣ ከጫማ መደብሮቹ በላይ ባለ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ ራጅ ቤት መዝገብ ያዥ ሆና ትሠራለች። ከገባች አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሰው ሲመጣ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ስልኩንና የሚነሳውን የሰውነት ክፍል ኮምፒዩተሯ ላይ ትጽፋለች፤ የቤቱ ባለቤት ጋሽ ጥበቡ በሽተኛውን ወደ ውስጥ አስገብተው ራጁን ያነሳሉ፤ ምስሉን እሷ በዓመትና በስም ለይታ ኮምፒዩተር ውስጥ ታስቀምጣለች። ጋሽ ጥበቡ ሠላሳ ዓመት ራጅ ሲያነሱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ቀኑን ሙሉ አብረው ውለው «ደህና እደሪ» ብቻ ብለዋት የሚሄዱበት ጊዜ አለ።

አፋቸው የሚፈታው የከሪማን ዲስክ ሲያነሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ፣ ሰው ልጁን አዝሎ ፍራሹን ተሸክሞ ከከተማ ሲወጣ፣ ከሪማ ወደ ሥራዋ ሮጠች። የኮምፒዩተሯን ክዳን ፈታ፣ የሁሉም ሰው ራጅ የተቀመጠበትን ሃርድ ዲስክ ነቀለች። የእጅ መዳፍ የሚያህል ብረት ነው። በሻርፕ ጠቀለለችውና በእግሯ ደሴ ዙሪያ ወደሚኖሩት አጎቷ፣ ወደ ሼህ ሙሄዲን ቤት ሄደች። ከወር በላይ እዚያ ቆይታ ስትመለስ ራጅ ቤቱ ባዶ ነበር። ማሽኑ ተነቅሏል፤ ራጅ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ዋናው ኮምፒዩተር የለም፤ መጋረጃው ከነዘንጉ ሄዷል። ከዘጠኝ ዓመት ሥራ የተረፈው በሻርፕ የተጠቀለለው ብቻ ሆነ።

ጋሽ ጥበቡ ይህን ለሐኪሙም፣ ለነጋዴውም፣ ራጅ ሊነሳ ሸሚዙን ላወለቀውም ሰው ይናገራሉ። «ይህችን ልጅ እዩልኝ» ይላሉ። «ሰው ወርቁን ይዞ ሲወጣ እሷ የሰው ደረት ይዛ ወጣች።»

ከሪማ በተመሰገነች ቁጥር መዝገቧ ላይ ታቀረቅር ነበር። ለማንም ያልተናገረችው ነገር አለ። በዚያ ቀን አንድ ወንዝ ስትሻገር እግሯን አሟለጫትና ጥቅሉ ከእጇ አምልጦ ድንጋይ ላይ አረፈ። ጠቅ ሲል ሰማችው። ውሃ አልነካውም፤ ግን ያንን ድምፅ ሰምታዋለች። ሲመለሱ ከኮምቦልቻ የመጣ ከሊድ የሚባል ባለሙያ ዲስኩን ሌላ የኮምፒዩተር ሣጥን ውስጥ ገጥሞ ሲያበራው ሠራ። ሁሉም አጨበጨቡ። እሷ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ማብሪያውን ስትጫን «ቢስሚላህ» ትልና ጆሮዋን ወደ ሣጥኑ ታስጠጋለች። አንድ ቀን እንደሚሞት ታውቃለች። ቀኑን ብቻ ነበር የማታውቀው።

ቀኑ የመጣው ባለፈው ዓመት በጥር፣ ማክሰኞ ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ሴትዮ ደረጃውን እያረፈች ወጣች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ወረቀት በእጇ ጨብጣለች። የኔነሽ አራጋው ትባላለች፤ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ትሠራለች።

«ከሪማ የምትባለው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ፣ እትዬ። ይቀመጡ።»

«መቀመጡን ተይው። በ2011 ሳል ይዞኝ እዚህ ደረቴን ተነስቼ ነበር። ያ ራጅ አለ?»

«መኖር አለበት። ምነው፣ ሐኪም ጠየቀ?»

የኔነሽ ያኔ ተቀመጠች። «ሳንባዬ ላይ አንዲት ነጥብ ታየች። የአተር ፍሬ ታክላለች አለኝ የኮምቦልቻው ሐኪሜ። ያኔም ከነበረችና ካላደገች ማንም አይነካትም። አዲስ ከሆነች ግን ሐሙስ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ደረቴ ይከፈታል። ዛሬ ከሰዓት ዘጠኝ ላይ አምጪልኝ ብሎኛል። ፊልሙ ቤቴ ነበረ፤ በ2014 ቤቴ ሲዘረፍ ከነሣጥኑ ሄደ። ያለኝ ያንቺው ብቻ ነው፣ ልጄ።»

ከሪማ «አብሽሪ» ልትል ብላ የሴትዮዋን ዕድሜ አይታ «አይዞዎት» አለች። ወደ ኮምፒዩተሩ ዞራ የድሮ ራጆች ያሉበትን ከፈተች። ከጦርነቱ ወዲህ የሚነሱት ራጆች ራጅ ክፍሉ ውስጥ ባለው አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚቀመጡ፣ የድሮዎቹን የሚጠይቅ በዓመት ሁለት ሦስት ሰው ቢመጣ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለአንድ ሰው ስትፈልግ ወዲያው አግኝታ ፍላሽ ላይ ገልብጣ ነበር የሰጠችው። 2011 የሚለውን ፎልደር ሁለቴ ነካችው።

ምንም አልመጣም።

ከላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቅ አለችና መጎተት ጀመረች። መስኮቱ ባዶ ነው። ከሪማ ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ስም መጣ፤ ከአጠገቡ የራጁ ምልክት መሆን ሲገባው ባዶ ነጭ ወረቀት። ከዚያ ዝም። ከዚያ ሌላ ስም። ከዚያ መስኮቱ በሙሉ ጭጋግ እንደዋጠው ነጣና «መልስ አይሰጥም» የሚል ጽሑፍ ወጣበት።

ዘግታ እንደገና ከፈተች። ያው ነው። አጥፍታ አበራችው። ያው ነው። 2010ን ሞከረች፣ 2012ን ሞከረች፤ ሁሉም እንደዚያው ይጎተታል። ከሣጥኑ ውስጥ ጭርጭር የሚል ድምፅ ሰማች። ያ ድምፅ ከዚያ በፊት ይኑር አይኑር ማስታወስ አልቻለችም።

የኔነሽ ስክሪኑን አልነበረም የምታየው፤ የከሪማን ፊት ነበር። ሐኪም ዘንድ የተቀመጠ ሰው የሐኪሙን ፊት እንደሚያነበው ታነበዋለች።

«የለም?» አለች በቀስታ።

«አለ፣ እትዬ። ትንሽ... ትንሽ ዘገየብኝ።»

ከፎቁ ሥር ኮምፒዩተር የሚጠግን ሰው አለና ከሪማ ወርዳ ጠራችው። መጥቶ ሁለት ጊዜ ነካካ፤ ሣጥኑን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ዲስኩ አልቆለታል፣ እህቴ። አርጅቷል። ልውሰደውና ፎርማት አድርጌው፣ ከዚያ በኋላ የሚተርፈውን በፕሮግራም እናወጣዋለን።»

«ፎርማት ማለት መደምሰስ አይደለም እንዴ?»

«ተደምስሶም ይወጣል። ሁሉም ላይወጣ ይችላል እንጂ።»

ከሪማ ሳታስበው ሁለት እጇን ሣጥኑ ላይ አሳረፈች። «ወላሂ ማንም አይነካውም» አለች። ሰውዬው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ድምፁን ሰምተው ጋሽ ጥበቡ ከውስጥ ወጡ። ከሪማ ነገረቻቸው። ስክሪኑን፣ ከሪማን፣ አግዳሚው ላይ ያለችውን ሴትዮ ተራ በተራ አዩ። የሚያምኑት ሰው ያለ ጥፋቱ ሲጨነቅ እንደሚያዩ ነበር የሚያዩዋት፤ ከሪማን የገደላት ይህ ነው። ስልኳን አንስታ ኮምቦልቻ ወዳለው ወደ ከሊድ ደወለች።

ከሊድ ሁሉንም ሰማና «አጥፊው» አለ። «እንደገና እንዳትከፍቺው። ዲስኩንም እንዳትነቅይ። ሣጥኑን እንዳለ ይዘሽልኝ ነይ።»

«የሐረጎን ቁልቁለት ይዤው ልውረድ? ቢመታብኝስ?»

«ከጠፋ ቢመታም ብዙ አይጎዳውም። ጭንሽ ላይ አድርጊው። አብሽሪ፣ እህት ከሪማ።»

ጋሽ ጥበቡ ገመዶቹን ነቃቅለው ሣጥኑን በራሳቸው ጋቢ ጠቀለሉላት። «ያወጣሽው አንቺ ነሽ» አሉ። «ካንቺ በቀር ማን ይይዘዋል?»

መናኸሪያ ላይ ሹፌሩ «ዕቃው ከላይ ይጫን» ሲል ከሪማ ሣጥኑን አቅፋ ገብታ ከኋላ ወንበር ጥግ ተቀመጠች። የኔነሽ ከጎኗ ሆነች። ሚኒባሱ ከደሴ ወጥቶ ሐረጎን መውረድ ሲጀምር ጉም ገደሉን ሸፍኖት ነበር። በየመጠምዘዣው ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ከሪማ ሣጥኑን ከጭኗ ብድግ አድርጋ በእጇ ታንጠለጥለዋለች። በተንገጫገጩ ቁጥር ያንን የወንዙን ድምፅ ትሰማለች። ከጋቢው ሳይሆን ከራሷ ደረት የሚመጣ እስኪመስላት ድረስ።

«ያረቢ» አለች። «ያረቢ፣ ዛሬን ብቻ።»

የኔነሽ ሰማቻት። «ምን ሆነሻል አንቺ? ታማሚዋ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ከሪማ ሦስት ዓመት ሙሉ የዋጠችውን እዚያ፣ በሚኒባስ ውስጥ፣ ከሰዓታት በፊት አታውቃት ለነበረች ሴትዮ ተናገረችው። ወንዙን ነገረቻት። ድንጋዩን ነገረቻት። «የሚያመሰግኑኝ ሁሉ አያውቁም፣ እትዬ። ጥዬዋለሁ። ከሞተ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

የምታጽናናት መስሏት ነበር። የኔነሽ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አለች። ጮክ ብላ ነበርና ከፊት ያሉት ዞሩ። «መውደቁስ ይሁን፤ በዚያ ሰሞን ያልወደቀ የለም። ለምን ሌላ ቦታ አልገለበጥሽውም? ሦስት ዓመት! አንድ ሰው ዕቃው መሰንጠቁን እያወቀ ውሃ ይቀዳበታል?»

«ፈራሁ።»

«ምንሽን ነው የፈራሽው?»

«ልገለብጥ ስጀምር ቢሞትስ ብዬ። ካልነካሁት የሚቆይ መሰለኝ። ደግሞ... ልገልብጥ ማለት መውደቁን እወቁልኝ ማለት ይሆናል። ጋሽ ጥበቡ ያውቁብኛል።»

የኔነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጉሙን ታይ ጀመር። ከሪማ ዕንባዋን የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም፤ ሁለቱም ሣጥኑን ይዘዋል። ብዙ መጠምዘዣ አለፉ። ቀጥሎ አንድ ከባድ መኪና ከፊታቸው ወጣና ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሁሉም ወደ ፊት ተወረወረ። ሣጥኑ ከከሪማ ጭን ሲንሸራተት የኔነሽ ክንዷን ዘርግታ ከፊት ገታችው። ከዚያ በኋላ ክንዷን አላነሳችም። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ሁለቱም አቅፈውት ወረዱ።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ተቀበላቸው። የከሊድ ሱቅ ከመናኸሪያው ሩቅ አይደለም። ከሊድ ሠላሳዎቹን ያገባደደ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚረሳ ሰው ነው። ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ስክሪንና ኪቦርድ ሰካበት፣ ማብሪያውን ተጫነ። ከሪማ ልማዷ ነውና ጆሮዋን አስጠጋች።

«የት ነው የነበረው?» አለ ከሊድ።

«2011።»

ነካው። ፎልደሩ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ሳይፈጅ ተከፈተ። ከሁለት ሺህ በላይ ስም ከላይ እስከ ታች ተደረደረ።

ከሊድ ወደ ከሪማ ዞረ። ከሪማ ግን ደስ አላላትም፤ ይልቁንስ ፊቷ ዓመድ መሰለ። ሊሞት የደረሰ ሰው አንዳንዴ ተነስቶ ቁጭ ብሎ እንደሚያወራ ታውቃለች። አባቷ እንደዚያ ነበር ያደረጉት።

«ቶሎ!» አለች። «ሳይዘጋ፣ ቶሎ የእትዬን አውጣው!»

የኔነሽ አራጋው የሚለውን አገኙት። ከሊድ ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጠው። ከዚያ ሊያየው ብሎ ሁለቴ ነካው። አልተከፈተም። የሚከፍተው ፕሮግራም አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ከሥሩ ፕሮግራሙ ይገኝበታል የተባለው አድራሻ ተጽፏል። ከሪማ አነበበችውና ወደ ኋላ አለች።

«ይህ የዋናው ኮምፒዩተር ስም ነው» አለች። «የራጅ ክፍሉ። ከጦርነቱ በፊት የነበረው።»

«የተዘረፈው?»

«አዎ።»

ከሊድ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። «ደሴ ላይ ያለ፣ እዚህ የሌለ ምንድን ነው?» አለ። «ሣጥኑ ያው ነው፣ ዲስኩ ያው ነው። እዚያ ይጎተታል፣ እዚህ ይሮጣል። ምን ተሰክቶበት ነበር?»

«ስክሪኑ። ኪቦርዱ። ማውሱ። ፕሪንተሩ...» ከሪማ በጣቷ ቆጠረች። «የኢንተርኔት ገመዱ።»

«የኢንተርኔት ገመድ መቼ ነበራችሁ?»

«አዲስ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰው መጥቶ ዘረጋልን። ከጦርነቱ ወዲህ ለብቻው ነበር የሚሠራው።»

ከሊድ ከጠረጴዛው ሥር የራሱን ገመድ ጎትቶ ከሣጥኑ ጀርባ ሰካ። ፎልደሩን ዘግቶ ከፈተው። አረንጓዴዋ መስመር መጣች፤ መጎተት ጀመረች፤ መስኮቱ ነጣ። የኔነሽ «በወላዲቷ!» ብላ አማተበች። ከሊድ ገመዱን ነቀለ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ስም በአንዴ ተዘረገፈ። ሰካ፤ ቆመ። ነቀለ፤ ተከፈተ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። በሦስተኛው ከሪማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«አሁን ስሚኝ» አለ ከሊድ ወንበሩን ወደ እሷ አዙሮ። «ኮምፒዩተር እያንዳንዱን የፋይል ዓይነት በምን እንደሚከፍት ጽፎ ይይዛል። ይህ ጽሑፍ ነው፣ ይህ ዘፈን ነው፣ ይህ ራጅ ነው፤ ራጅ ከሆነ በዚህ ፕሮግራም ክፈት ይላል። የእናንተ የራጅ ፕሮግራም ግን ይህ ሣጥን ውስጥ አልነበረም። ዋናው ላይ ነበር፤ ይኸኛው በገመድ እየሄደ ነበር የሚጠቀምበት። ከስሙ አጠገብ የሚያሳይሽን ምልክት እንኳ ከዚያ ነው የሚያመጣው። ዋናው ተወሰደ። እዚህ የተጻፈውን ግን ማንም አልቀየረውም።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት እንዴት ዝም አለ?»

«ገመድ አልነበረውማ። መንገድ ከሌለ ወዲያው ይተወዋል። ገመድ ስታገኙለት መንገድ ያገኘ መስሎት ለእያንዳንዱ ፋይል ይሄዳል፣ ይጠራል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ሲያጣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሁለት ሺህ ፋይል ካለ ሁለት ሺህ ጊዜ። ዲስኩ አይደለም የዘገየው፣ እህት ከሪማ። የሌለ ማሽን ሲጠብቅ ነው።»

ከሪማ ይህን ሁሉ ሰምታ የገባት አንድ ቃል ነበር፤ ዲስኩ አይደለም። እሱንም አላመነችውም።

ከሊድ ገመዱን ነቅሎ ሥራውን ቀጠለ። የድሮው ትእዛዝ የተጻፈበትን ቦታ ከመንካቱ በፊት፣ ቢሳሳት የሚመልስበትን ቅጂ አስቀመጠ። «እሱ ምንድን ነው? ለምን ነካኸው?» እያለች ከሪማ ከትከሻው አልወርድ አለችው፤ እሱም ሳይሰለች ነገራት። የራጅ ፋይል የሚከፍት ሌላ ፕሮግራም እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ጫነ። ከዚያ የራጁን ዓይነት ከጠፋው ማሽን አላቅቆ በዚህኛው እንዲከፈት አደረገ። ገመዱን መልሶ ሰካ። ከሪማ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍት ፎልደሩ ተከፍቷል፤ ነጫጭ ወረቀቶቹ ጠፍተው በየስሙ አጠገብ አንዳንድ ትንሽ ምልክት ተቀምጧል።

የኔነሽ አራጋው የሚለውን ነካው። ደረቷ ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ፤ የጎድን አጥንቶቹ፣ ልቧ፣ ጥቁሩ ሳንባ።

ሦስቱም ጠጋ ብለው አዩት። ከሪማ በአሥራ ሁለት ዓመት ስንት ደረት ስታስቀምጥ ኖራለች፤ ማንበብ ግን የእሷ ሥራ አይደለም። በቀኝ በኩል አንዲት ነጭ ነገር አለች። ነጥብ ትሁን፣ የደም ሥር ትሁን፣ የአጥንት ጥላ ትሁን ማንም አያውቅም። የኔነሽ ጣቷን አንስታ ስክሪኑን ሳትነካ ጠቆመች።

«ያቺ ናት?»

«አላውቅም፣ እትዬ» አለች ከሪማ። «ወላሂ አላውቅም።»

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር። የኔነሽ ፍላሹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ከሪማ አብሬ ልሂድ ብትላት «እዚያው ሆነሽ ቀሪውን ገልብጪ» አለቻት። ቁጣዋ ገና አልበረደም ነበር።

ከሊድ አዲስ ዲስክ አምጥቶ የሁሉንም ዓመት ራጅ መገልበጥ ጀመረ። ከሪማ ፋይሎቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ታያለች፤ ግን አሳቧ እዚህ አይደለም። ነጥቧ ያኔ ባትኖርስ? ራጁን አግኝታ ያመጣችላት የሐሙሱን ቢላዋ ቢሆንስ? ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። የዐስር ሶላት ደረሰና ከሊድ ሱቁ ጥግ ምንጣፍ ዘረጋላት። ሰግዳ ስትጨርስ ከመሬቱ ለመነሳት አልቸኮለችም።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል የኔነሽ በር ላይ ቆመች። ሮጣ ነው መሰል ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ከሪማ ምንጣፉ ላይ እንዳለች ቀና ብላ አየቻትና ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻለችም።

«አለች» አለች የኔነሽ በመጨረሻ። «ያኔም አለች! በዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ። በመለኪያ ለካት። ጠባሳ ናት፣ ተያት አለኝ። ሐሙስ ቀረ።» ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ አለቀሰች። ከሪማ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች። የኔነሽ ሳታያት እጇን ፈልጋ ያዘችውና «አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለች፤ እጇን ግን አልለቀቀችም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለ። ከሪማ ከፋይሎቹ ጋር ሁለት ቀን ኮምቦልቻ ውላ፣ ማታ ማታ ወደ የኔነሽ ቤት እየሄደች አደረች፤ «ሌላ ቦታ አታድሪም» ብላት ነበር። በሁለተኛው ቀን መገልበጡ ድንገት ቆመ። አንድ ፋይል አልነበብ አለ። ከሊድ ዘለለው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ ጠቅ አለ። ከሪማ ያንን ድምፅ ሺህ ሰው መሃል ብትሰማው ታውቀዋለች።

«ይህ ከገመዱ አይደለም» አለ ከሊድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ ቦታ ላይ ተመትቷል።»

ሁሉም ሲያልቅ ያልወጡት አሥራ ሰባት ነበሩ። ከአሥራ አንድ ሺህ ራጅ አሥራ ሰባት። ከሊድ «ይህማ ምንም አይደል» አላት። ከሪማ ግን ስማቸውን በእጇ ጻፈችው።

ዓርብ ጠዋት ከጋሽ ጥበቡ ፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ወንዙንም፣ ድንጋዩንም፣ ሦስቱን ዓመትም። ወረቀቱንም ሰጠቻቸው። እሳቸው አነበቡት። ስሞቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ተከተሉ።

«ከምን ያህል ከፍታ ነው የወደቀው?» አሉ በመጨረሻ።

«ከደረቴ።»

«ድንጋይ ላይ?»

«ድንጋይ ላይ።»

«እንግዲያው አሥራ ሰባት ብቻ መሆኑ ይገርማል» አሉ። ወረቀቱን መለሱላት። ከዚያ ወዲህ ስለ ዲስኩ ለሰው ሲያወሩ ሰምታቸው አታውቅም። ተቀይመው ይሁን ሊያሳርፏት፣ እስከ ዛሬ አልጠየቀችም። አሁን ቅጂው ሦስት ነው፤ አንዱ ራጅ ቤቱ፣ አንዱ ጋሽ ጥበቡ ቤት፣ አንዱ ኮምቦልቻ ከሊድ ዘንድ። በየወሩ መጨረሻ ራሷ ትገለብጣለች። ስትገለብጥ ዛሬም ጆሮዋን ወደ ሣጥኑ ታስጠጋለች።

በዚያው ዓርብ ከሰዓት ለአሥራ ሰባቱ መደወል ጀመረች። አንዳንዱ ቁጥር ተቀይሯል፤ አንዷ ሞታለች፤ አንዱ «ምን ቸገረኝ» ብሎ ዘጋባት። አራተኛው ላይ የሸመገለ ድምፅ አነሳ።

«አቶ እንየው ነዎት? ከደሴ፣ ከራጅ ቤት ነው። በ2009 ጉልበትዎን ተነስተው ነበር።»

«የትኛውን ጉልበቴን?»

«ግራውን ይላል። እኛ ዘንድ ያለው ተበላሽቷል፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ፊልሙ ቤትዎ ካለ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው አሰቡ። «አለ እንጂ። የመስኮቴ መስታወት ተሰብሮ እሱን ለጥፌበታለሁ።»

ከሪማ ስልኩን አጥብቃ ያዘች። «ፀሐይ ያገኘዋል?»

«ቀኑን ሙሉ ነው የሚያገኘው፣ ልጄ።»

«እንዳይነቅሉት፣ አባቴ። እንዳይቀደድብዎት» አለች፤ ተነስታ ሻርፗን እየፈለገች ነበር። «የት ሠፈር ነው ያሉት? ፊልሙን የሚተካ መስታወት ይዤ እመጣለሁ።»